ጥርስ የያዘው ሲባጎ

አፏ አልከፈት አለ።

ዳቦው እጇ ላይ ነው፤ ሻዩ አጠገቧ ይጨሳል። ልትጎርስ ስትል ግን መንጋጋዋ ዝገት እንደበላው የበር ማጠፊያ ግማሽ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ገፋ ስታደርገው ከጆሮዋ ሥር ውግት አደረጋት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዳቦውን ቆረስ ቆረስ እያደረገች በከንፈሯ መሀል ሸጎጠችው።

«ምን ሆነሽ ነው ግድግዳ የምታጎርሺው?» አለ አጎቷ፣ ሶፋ ሥር ተጋድሞ ምስማር እየነቀለ።

«ምንም።»

«ምንም ከሆነ ወንበርሽን ጨርሺ። ቦታ ይዞብኛል።»

ወንበሩ አያቷ ሳይጨርሱት ያረፉት ነው። «አባባ» ነበር የምትላቸው። ሶፋ ሠሪ ነበሩ፤ እሷም እናቷን ሥራ ሌላ ከተማ ስለወሰዳት ያደገችው እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ፣ በመጋዝ ብናኝና በጆንያ ሽታ መሀል ነው። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሁሉ ምቾት ሲሰፉ ኖረው፣ የገዛ ሚስታቸውን በእንጨት በርጩማ ላይ አስቀምጠው አስረጁ። ወንድ እንዲህ ነው፤ የጎረቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ ቀድሞ ይታየዋል። በመጨረሻው ዓመት ነው ትዝ ብሏቸው ለሚስታቸው ለእማማ ባለሞላ ወንበር የጀመሩት። ሞላዎቹን ግማሽ ድረስ አስረው አረፉ።

«ማንም እንዳይነካው!» አለች ልጅቷ ያኔ። «እኔ ነኝ የምጨርሰው፤ ልክ እንደሳቸው አድርጌ።»

እንደሳቸው ማድረግ ቀላል አይደለም። ሞላ ሲታሰር አንድ እጅ ሞላውን ተጭኖ ይይዛል፣ ሌላው ሲባጎውን ያዞራል፤ ጫፉን ወጥሮ የሚይዝ ደግሞ ያስፈልጋል። ሌላ ቦታ ለሁለት ሆነው ይሠሩታል። አባባ ግን ጫፉን ጥርሳቸው ላይ ነክሰው፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ወርወር ሲያደርጉ ቋጠሮው እንደ ድንጋይ ይጠብቃል። ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ይህን ስትሞክር አይተው ሳቁና «ይቺ ጉጠት ናት!» አሉ። ከዚያ ወዲያ በስሟ የጠራት የለም። ጉጠት ሆና ቀረች፤ እሷም ኮራችበት።

ትዝታዋ ብዙ ነው። አባባ ሲያኝኩ ጉንጫቸው ውስጥ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ነበር፤ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ለጥፋ ትሰማው ነበር። ጠዋት ጠዋት ወርክሾፑ ከመከፈቱ በፊት፣ ገና መዶሻ ሳይጮህ፣ ዳቦውን ለሁለት ገምሰው ልስላሴውን ሻይ ውስጥ ይነክራሉ፤ ቅርፊቱን ለእሷ ያቀብላሉ። «ቅርፊት ለጉጠት!» ይላሉ። ያን ጊዜ ከዚያ ቅርፊት የሚጥም ምግብ በዓለም ላይ አልነበረም።

አምና የእሷም መንጋጋ ቀጭ ማለት ሲጀምር ደስ አላት። ዓይናቸውን ባትወርስ ቀጭታቸውን ወረሰች። አላመማትም። ወንበሩን ይዛ በየቀኑ ከትምህርት ቤት መልስ ሲባጎ መጎተት ከጀመረች ወዲህ ነው ነገሩ የከፋው፦ ጠዋት ራሷን ይወቅራታል፣ ጆሮዋን ያማታል፣ ሥጋ ማኘክ ትታለች። አሁን ደግሞ ይኸው፣ ተቆለፈ።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ልጅ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። ይቺን ልጅ ሬዲዮ ይሏታል፤ ለምን እንደሆነ አፏን ስትከፍት ይገባችኋል።

«አንቺ! ዛሬም ዝም? አስተማሪው ሲጠይቅሽ አንገትሽን ብቻ ነቀነቅሽ። በሲባጎ ሰፉሽ እንዴ?»

«መንጋጋዬን አሞኛል። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«እኔ ለማን እናገራለሁ?» አለች ሬዲዮ፤ ይህን ስትል ራሷም ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠች። «እስቲ ሦስት ጣትሽን ደርድረሽ አፍሽ ውስጥ አስገቢ። እንዲህ።»

የሬዲዮ ጣቶች ሰተት ብለው ገቡ። የጉጠት ግን ሁለቱ እንኳ አልገቡም።

«አይ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። እህቴ እንዲህ ሆና ነበር እኮ። ለፈተና ስታጠና ጥርሷን ነክሳ ታድር ነበር። ሐኪም ጋ ሄዳ ዳነች፤ ቶሎ ብሄድ ቶሎ እድን ነበር እያለች ዛሬም ይቆጫታል።»

«ሐኪም ጋ ብሄድማ በጥርስሽ አትሥሪ ይሉኛል።»

«ይበሉሻ!»

«ወንበሩስ?»

«ወንበር ምን ቸገረው፣ አይርበው አይጠማው፤ ይጠብቅሻል። አንቺ ነሽ የምትራቢው።»

ሬዲዮ ወንበሩ ምን እንደሆነ አታውቅም። ጉጠት ሲባጎውን ስትነክስ የተቀባው ሰም ሽታ ወደ አፍንጫዋ ይወጣል፤ ያ ሽታ የአባባ ጺም ሽታ ነው። ይህን ለሰው እንዴት ይነግሩታል?

እራት ላይ ግን መደበቂያ የለም። ሾርባውን ጠጥታ ዳቦው ላይ ስትደርስ አጎቷ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«እኔ ዕውር መሰልኩሽ? መንጋጋሽ ወልቋል። ነገ ወጌሻው ጋ እወስድሻለሁ፤ አንዴ ሳብ አድርጎ ቦታው ይመልሰዋል።»

«ያንተን አንገት ሳብ ያድርገው!» አሉ እማማ። «መንጋጋ የሶፋ ምስማር መሰለህ፣ በጉልበት የሚነቀል? ያልታወቀ ሕመም አይጎተትም። ተነስ፣ ሂድና ወርክሾፑን ዝጋ።»

አጎቷ ከእናቱ ምላስ ጋር መግጠም እንደማያዋጣ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ወጣ።

እማማ በርጩማቸውን ስበው ቀረብ አሉ። ዓይናቸው የልጅቷ ሳህን ላይ ነው። የዳቦው ልስላሴ ተበልቷል፤ ቅርፊቱ ዳር ዳሩን ተደርድሯል።

«አባባሽም እንዲህ ነበሩ» አሉ።

«እንዴት?»

«ቅርፊት አይበሉም። አይችሉማ።»

«አይደለም!» ድምፅዋ ከፍ አለና አመማት፤ ጉንጯን ያዘች። «ለኔ እኮ ነው የሚተዉልኝ። ስለምወድ።»

«ላንቺ ብለውም ነው። እኔ እንዳላይባቸውም ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ምን ያስደነግጥሻል?» እማማ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ጠዋት ተነስተው ጉንጫቸውን በሞቀ ፎጣ ሲያሹ ሳይ፣ ብርድ ነው ይሉኛል። እንታከም ስላቸው፣ ሶፋ ሠሪ አፉን አመመው ተብሎ ይሳቅብኝ? ይላሉ። መጨረሻ ላይ ሙዝ መንከስ አቃታቸው እኮ! ኩራታቸው ራታቸው ሆነ። እኔም ባል አከበርኩ ብዬ ዝም አልኩ። እንግዲህ አላከብርም፤ ሞተዋል።»

ጉጠት ቅርፊቱን አየችው። ያ ጠዋት እንደገና መጣባት፦ ሻዩ፣ መስኮቱ፣ የተዘረጋው እጅ። እጁ ያው ነው፤ ፍቅሩም ያው። አሁን ግን ከእጁ ከፍ ብላ ፊታቸውን አየች፤ ልስላሴውን በአንድ ጎን እያላመጡ ዓይናቸውን ጨፈን የሚያደርጓትን ነገር አየች። ያኔ ጣዕሙ ይመስላት ነበር።

«እማማ» አለች። «እኔንም በጣም አሞኛል። ከጀመረኝ ቆይቷል።»

«አውቃለሁ። አፍሽ እስኪነግረኝ ነበር የጠበቅሁት። ነገ በጠዋት እንነሳ።»

የጥርስ ሐኪሟ ወጣት ናት፤ እማማ ገና ሲያይዋት «ይቺ ደግሞ የራሷን ጥርስ ጨርሳ አብቅላለች?» አሉ፣ ቀስ ያሉ መስሏቸው። ሐኪሟ ሰምታ ፈገግ አለች። ሁለት ጣቷን ከልጅቷ ጆሮዎች ፊት ለፊት አሳርፋ «ክፈቺ… ዝጊ… ወደ ጎን» እያለች አዳመጠች።

«እዚህ ጋ ሁለት አጥንት ይገናኛል» አለች። «በመሀላቸው ትንሽ ትራስ የመሰለች ነገር አለች። አጥንቱ እንዳይፋጭ።»

«እንደ ሶፋ ስፖንጅ?» አለች ጉጠት።

«እንደሱ። ትራሷ ከቦታዋ ሸርተት ስትል ነው ቀጭ የሚለው። ቀጭ ማለቱ ብቻ ከሆነ፣ ካላመመ፣ ብዙ ሰው እንዲሁ ይኖራል፤ አንነካውም። ሲያምሽ፣ ማኘክ ሲያቅትሽ፣ አልከፈት ወይም አልዘጋ ሲልሽ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል። በኃይል ማስጎተት ደግሞ ፈጽሞ!»

እማማ በድል ወደ በሩ አዩ፤ አጎትየው እዚያ የለም እንጂ።

«በጥርስሽ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ሐኪሟ።

ጉጠት ስለ ሲባጎው ነገረቻት፤ ሁሉንም።

ሐኪሟ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ለስላሳ ምግብ፣ ትንንሽ ጉርሻ፣ የሞቀ ፎጣ፣ ማስቲካ የለም፤ ማዛጋት ስትፈልግ አገጯን በእጇ ደገፍ። ከንፈር ገጠም፣ ጥርስ ግን ተለያይቶ። ቀስ ብሎ መክፈት መዝጋትም አሳየቻት። «ይለቃል። ጊዜ ይፈልጋል። ካልተሻለሽ ሌላ መንገድ አለን፤ ትመለሺያለሽ። ሲባጎ ግን ከአፍሽ ይውጣ።»

ቀን ቀንን እየተካ ሕመሙ ላላ። ዳቦ በሻይ ነክራ መብላት ጀመረች። ወንበሩን ግን ለብዙ ጊዜ ቀና ብላ አላየችውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ወንበሩን የሸፈነችበትን ጆንያ አነሳች። አባባ ያሰሩት ረድፍ እንዳለ አለ። በእያንዳንዱ ቋጠሮ ጫፍ ላይ ሲባጎው ጠፍጠፍ ብሏል፤ የጥርሳቸው ምልክት ነው። በጣቷ አንድ በአንድ ዳበሰቻቸው። የሳቸው ረድፍ ሲያልቅ እሷ በጥርሷ ያሰረቻቸው ይቀጥላሉ። ከዚህ ወዲያ ያለው ምልክት አይኖረውም።

ሞላውን ተጫነች፤ ሲባጎውን አዞረች። አንገቷ ከልማድ ጎንበስ አለ፤ ሽታው መጣ። ከንፈሯ ሊከፈት ሲል ገታችው። እንደተጎነበሰች ትንሽ ቆየች።

ከዚያ ቀና ብላ ጫፉን እማማ ወደተቀመጡበት በርጩማ ዘረጋች።

«እማማ፣ ያዙልኝ።»

«እኔ? ወንበሩም የኔ፣ ሥራውም የኔ?»

«እንዳይላላ፣ ጠበቅ አድርገው።»

እማማ አጉረመረሙ። ሲባጎውን ግን እጃቸው ላይ ዞር ዞር አድርገው ጠመጠሙት፤ እግራቸውን መሬት ላይ ተከሉና ወደ ኋላ ሳቡ።

«እንዲህ?» አሉ።

«ትንሽ ጨምሩ» አለች ልጅቷ፣ ቋጠሮውን እያጠበቀች።