የጎንጉል ጣት

ፀሐይ መሀል ሰማይ ላይ ሳለች በዘምባራ አገር ያለ ከብት ሁሉ በያለበት ተንበረከከ። በሬው ከነቀንበሩ፣ በቅሎው ከነጭነቱ፣ አንድም ሳይቀር ፊቱን ወደ ተራራው መልሶ ተኛ። ወዲያው ተራራው አቃሰተ። የንጉሡ ግንብ ከአናቱ እስከ መሠረቱ ተሰነጠቀ፤ የገበያው ድልድይ ከነሰዉ ወንዝ ገባ፤ ሲመሽ ሬሳ ያልወጣበት ደጅ አልነበረም።

ምክንያቱን ለማወቅ ጠንቋይ አላስፈለገም። ከተራራው ሥር ጎንጉል የሚባለው ግዙፍ ፍጡር ተኝቷል። ምድር ሳትረጋ ከሰማይ ሲወድቅ ገላውን አፈርና ድንጋይ አለበሰው፤ ቀኝ እጁ ብቻ በዋሻ አፍ ወጥቶ ቀረ፤ የእጁም አመልካች ጣት ተሰብሯል። ጣቱ ርዝመቱ የሰው ቁመት፣ ውፍረቱ የሰንጋ አንገት ያህላል። የመጀመሪያዋ ንግሥት ሰልፋኖ ያንን ጣት በሁለት ጥቁር ሳንቃዎች መሀል አድርጋ በጠፍር አስራ አስተኛችው፤ መንግሥቱ የቆመው በዚያ ማሰሪያ ላይ ነው።

ክረምት ሊገባ ሲል ጎንጉል በእንቅልፉ ያቃስታል። ያን ጊዜ ጎበዛዝቱ በከበሮ ወጥተው፣ ጠፍሩን በውሃ አርሰው፣ እግራቸውን ድንጋይ ላይ ተክለው እየሳቡ ያጠብቁታል። የማጥበቂያ በዓል ይባላል፤ ይበላል፣ ይጠጣል። የሚያቃስተው ማሰሪያው ስለሚላላበት ነው የሚል ነው የአገሩ እምነት። ሰው ግን ቢወጋም ቢቆረጥም ማቃሰት አይፈቀድለትም፤ የሰው ሲቃ ጎንጉልን ይቀሰቅሰዋል ይባላልና። የዘምባራ ሴት ምጧን እንኳ ጨርቅ ነክሳ ነው የምትወጣው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይህ ጀግንነት አይደለም፤ ግን ማን ጠይቆኝ።

ግንቡ በተሰነጠቀበት ቀን ከሁለቱ ሳንቃዎች አንዱ ጠፋ። የጨው ምድር ጌታ ሞግሮ፣ የዋሻው ዘቦች በድግስ ሲዘናጉ አሰርቆ ወሰደው። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ዝናብ ሲወርድና አፈሩ ሲርስ ጎንጉል ከሕመሙ ብዛት በጎኑ ይገለበጣል፣ ዘምባራም ያለ ጦር ትጠፋለች።

ንጉሥ ዳምሳ በተሰነጠቀው ግንብ ፊት ሕዝቡን ሰብስቦ ማን ይሄዳል ብሎ ጠየቀ። መኳንንቱ እርስ በርስ ተያዩ። ከዘቦቹ መሀል ትንግርት የምትባል ወጣት ወጥታ ሰይፏን ከንጉሡ እግር ሥር አስቀመጠች።

«ንጉሥ ሆይ፣ የተሰረቀው እኔ ከምጠብቀው ደጅ ነው። ሳንቃውን ሳልይዝ ይህን አገር ብረግጥ ተራራው ይጫነኝ፤ ስሜን የሚጠራ አይገኝ፣ ሬሳዬን የሚቀብር ይጥፋ።»

«ተራራው ምስክርሽ ይሁን» አለ ንጉሡ። «ብትመለሺ ከቀኜ ትቀመጫለሽ። ባትመለሺም የሚወቅስሽ አይኖርም፤ ወቃሽ አይተርፍምና።»

ትንግርት ያላሰበችው ነገር ግን አጎቷ አንዳርጌ እከተላለሁ ማለቱን ነው። አንዳርጌ በፈረስ ስሙ አባ ነጎድ የሚባል ሽማግሌ ጦረኛ ነበር። እናትና አባቷ ከሞቱ ወዲህ እንደ ወላጅ አቅፎ ያሳደጋት እሱ ነው፤ በዚህ ዓለም የቀራትም ዘመድ እሱ ብቻ ነው። እንዲቀር ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አኮረፈችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ በቅሎውን ጫነ። እሷም በሆዷ፣ አገሩ ቢድንም ባይድንም ይህን ሰውዬ በሕይወት መልሼ ደጁ ላይ አስቀምጠዋለሁ ስትል ማለች። ለንጉሡ ከማለችው መሐላ ይልቅ የከበዳት ይህኛው ነበር።

ሦስተኛው ጓዳቸው ወጌሻው እንየው ነው። በትከሻው የቀርከሃ ፍላጭ፣ ባዘቶ ጥጥና ንጹሕ መቀነት የሞላበት ስልቻ ነበረው። አንዳርጌ መንገዱን ሙሉ የአራስ ቤት ጓዝ ይዘህ ነው የዘመትከው እያለ ሲቀልድበት፣ እንየው እየሳቀ አጥንትህ ሲጮህ ታመሰግነኛለህ ይለው ነበር።

የሞግሮ ግንብ የተሠራው በገደል አፍ ላይ ነው። የሚጠብቁትም ሙርጎች ናቸው፤ ራሳቸው የነብር፣ ክንፋቸው የአሞራ። ትንግርትና አንዳርጌ በገመድ ገብተው ሳንቃውን ከሞግሮ ዙፋን ኋላ ነቅለው ሲያወጡ፣ እንየው ከታች በሩን ይዞ ሲከላከልላቸው ቆየ። ሲደርሱለት አንድ ሙርግ ደረቱን ይዞታል። ሂዱ አለ በእጁ፤ አፉን አልከፈተም፤ ከነሙርጉ፣ ከነስልቻው ወደ ገደሉ ወረደ። እነሱም ሳያለቅሱለት እግሬ አውጪኝ አሉ።

ከግንቡ ርቀው ነጩ የጨው ሜዳ ላይ ሲወጡ አንዳርጌን የተሸከመችውን በቅሎ የጨው ቅርፊት ከዳትና ወደቀች። አንገቷ ተቀጨ። የአንዳርጌም ግራ እግር ከሥሯ ገብቶ ቅልጥሙ ለሁለት ተሰበረ። ድምፅ አላሰማም። ፊቱ ብቻ አመድ መሰለ።

በዚያ ሜዳ ላይ ጭራሮ እንኳ አይበቅልም። የእንየው ቀርከሃ ገደል ውስጥ ነው። ትንግርት ዙሪያዋን አየች፤ ዓይኗ ጥቁሩ ሳንቃ ላይ ሲያርፍ አንዳርጌ ቀደማት፤ የጎንጉልን ሳንቃ የእኔ ቅልጥም አይነካውም አለ። ስለዚህ የጦሯን ዘንግ ሰብራ በአንድ ጎን፣ የሰይፏን አፎት በሌላው ጎን፣ ከጉልበቱ በላይ እስከ ተረከዙ በታች አጋደመችለት። ኩታዋን ቀዳ መሀሉን ጎዘጎዘችው። እስከዚህ ድረስ እንየው ቢያያት ባላፈረባት ነበር።

ማሰሪያው ላይ ነው የተሳሳተችው። የሞተችውን በቅሎ ገፍፋ፣ እርጥቡን ቆዳ በረጅሙ ተልትላ ጠፍር አወጣች። የዘምባራ ልጅ ናትና የምታውቀው አንድ አስተሳሰር ነው፤ እግሯን ዘንጉ ላይ ተክላ፣ ወደ ኋላ ተንጋላ፣ ባላት ኃይል ሳበችው። አንዳርጌ ላቡ በግንባሩ እየወረደ ጎበዝ አላት፣ የበዓል ሰው ነሽ አላት። ጨው እንዳይበላውም እግሩን እስከ ጣቱ ድረስ በቆዳ ጠቀለለችለት። ከዚያ የቀረውን ቆዳ ዘርግታ እሱን አጋደመችበት፣ ሳንቃውን በጀርባዋ አዘለች፣ ትከሻዋ እስኪላጥ ትጎትተው ጀመር።

ፀሐዩ ምሕረት የለውም። እርጥብ ጠፍር ደግሞ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይህን አልጋ የጠፈረ ሁሉ ያውቀዋል። ትንግርትም ታውቀው ነበር። ግን ለአልጋ የሚበጀው ለእግርም የሚበጅ መሰላት።

ቆም እያለች እንዴት ነህ ትለዋለች። ደህና ነኝ፣ ተራመጂ ይላታል። አንዴ የልጅነቷን ነገር አነሳላት፤ ጥርሷ ሲነቀል ሳታቃስት ደሟን ዋጥ እንዳደረገች፣ እሱም በኩራት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቶ እንዳሳያት። እያወራ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እሷ ግን ከጥማት ነው ብላ የቀራትን ውሃ ሰጠችው። ሌላ ቀን ሕመሙ ተወኝ አላት፤ ጭራሽ አይሰማኝም አለ። እሷም ደስ አላት! በዘምባራ እንዲህ ነው ነገሩ፤ የታመመ ዝም ካለ ዳነ ይባላል።

የዘምባራ ተራራ ከአድማስ ብቅ ሲል አንዳርጌ መቃዠት ጀመረ። ሽታውም መጣ። ትንግርት የእግሩን መጠቅለያ በጩቤ ቀደደችው፤ ጣቶቹ ከሰል መስለዋል። ጠፍሩን ለመቁረጥ ስትሞክር በጠፍሩና በሥጋው መሀል የጩቤዋ ጫፍ የሚገባበት ቦታ አጣች። ሥጋው አብጦ ውጦታል። በመጨረሻ ቆርጣ ስትፈታው ሽማግሌው ዓይኑን ገለጠ።

«መጀመሪያ እንደ እሳት አቃጠለኝ» አላት። «ያኔ ብናገር ታላዪልኝ ነበር። ዝም አልኩሽ። በድዬሻለሁ ልጄ።»

«ለምን አጎቴ? እኔ እኮ ጠይቄህ ነበር።»

«ደህና ነህ ወይ አልሽኝ እንጂ የት ላይ አመመህ አላልሽኝም። ብትዪኝም... እንጃ። መናገር ማን አስተማረን?»

ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። ትንግርት በጨው ቀበረችው፤ የሚሸፍነው ሌላ ነገር አልነበረም። እጁን አልለቅም ብላ ቆየች፤ ቀዝቅዞ እስኪደርቅባት ድረስ ይዛው ተቀመጠች። አገሩም ሳንቃውም በዚያች ሰዓት ለእሷ ምኗም አልነበሩም። በኋላ ግን ተነሳች፤ ዘምባራ ውስጥ የሌላ ሰው አጎት አለ።

ዋሻው ደጅ ስትደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ንጉሡ፣ መኳንንቱና ጎበዛዝቱ ጠፍር ዘፍዝፈው ይጠብቋታል። ሳንቃውን ከጀርባዋ ሲያወርዱ እልልታው ዋሻውን ሞላው። እሷ ግን ወደ ጣቱ ቀረበች። ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የጠበቀችውን ጣት እንደዚያን ቀን አይታው አታውቅም። ከአሮጌው ጠፍር ወዲያ ያለው ጫፉ ጠቁሯል። ጠፍሩ ሥጋው ውስጥ ተቀብሯል። ይህንን ጨው ሜዳ ላይ ያየችው ነው።

ንጉሡ እሰሩ፣ እንደ አባቶቻችን አጥብቃችሁ ሳቡ ብሎ አዘዘ። ትንግርት ጩቤዋን ይዛ በጣቱና በጎበዛዝቱ መሀል ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አጎቴን የገደልኩት እኔ ነኝ። ሰይፍ አላነሳሁበትም፤ አጥብቄ አሰርኩት። እሱም እንደተማረው ዝም አለኝ። ጎንጉል ግን በየዓመቱ ሲነግረን ኖሯል፤ ባቃሰተ ቁጥር እኛ አጠበቅንበት። ዛሬም የሚስብ ካለ መጀመሪያ እኔን ይግደል።»

«ከላላ ሁላችንም እናልቃለን» አለ ንጉሡ።

«ላልቶ ከተገለበጠ አንገቴ ይኸው።»

አንድ የጎበዝ አለቃ ሰይፉን መዘዘ። ንጉሡ ግን ጠቆር ያለውን ጫፍ፣ ከዚያም የልጅቱን የተላጠ ትከሻ አየና እጁን አነሳ። አለቃው ቆመ።

ትንግርት አሮጌውን ጠፍር ቆረጠች። ጎንጉል ጮኸ። ከዋሻው ጣሪያ የወረደ ድንጋይ ግራ እጇን ጨፈለቀው፤ ሕዝቡ ሸሸ፤ እሷ አልተነሳችም። በአንድ እጇና በጥርሷ፣ ከሸሹት ጥጥና መቀነት ይዘው ተመልሰው በመጡ ጥቂት ሴቶች እርዳታ፣ ጣቱን ጥጥ አለበሰችው፤ ሁለቱን ሳንቃዎች ግራና ቀኝ አጋደመች፤ በመቀነትና በኩታ አሰረችው፤ በየማሰሪያው ሥር ጣቷ የሚያልፍበት ቦታ ተወች። ጫፉን አልሸፈነችውም።

ዝናቡ ወረደ። አፈሩ ራሰ፣ ጎርፉ ተነሳ፣ ተራራው ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ከተማው ዳነ። ከታች እልልታና ከበሮ ተሰማ፤ የንጉሡ መልእክተኞችም ከቀኙ የሚቀመጥ ወንበር ተዘጋጅቶላታል እያሉ መጡ። ትንግርት የተጨፈለቀ እጇን በአንገቷ አንጠልጥላ እዚያው ጣቱ አጠገብ ተቀምጣ ነበር። መዳፏን ጫፉ ላይ አድርጋ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ጥቁረቱ በዝግታ ወደ ቀይ ሲዞር ታያለች።

ከምድር ሥር፣ ከሩቅ፣ እንደ ወፍጮ የከበደ ድምፅ መጣ። ከዘምባራ ሰው ማንም ሰምቶት አያውቅም።

«አመመኝ» አለ።

መልእክተኞቹ በግንባራቸው ተደፉ። ትንግርት እንባዋ ፊቷን እያጠበው ወደ ማሰሪያው ጎንበስ አለች።

«የት ላይ?» አለችው።