ያልላላችው ሽብልቅ

«ሳቢው እንጂ! በደንብ ሳቢው!»

«እየሳብኩ ነው» አለች ጭምት፣ አንድ እግሯን መቃኑ ላይ አስደግፋ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ላይኛው ጫፉ ወደ ውስጥ ዘምሞ መቃኑ ውስጥ ተቀርቅሯል።

ጭምት የሚሏት ካልጠየቋት ስለማትናገር ነው። ጓደኛዋን ደግሞ ቃጭል የሚሏት አፏ ስለማያርፍ ነው። ሁለቱ አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ ሦስተኛ ዓመታቸው ሲሆን መምህራኑ እንዴት እንደተዋደዱ እስካሁን አልገባቸውም።

ክፍሉ በሙሉ በአውቶቡስ ተጭኖ የመጣው ይህችን የተራራ ከተማ ለመጎብኘት ነበር። ቤቶቿ የድንጋይ ናቸው፤ የአንዱ ጣሪያ ከላይ ላለው ቤት ግቢ ሆኖ እስከ ገደሉ አፋፍ ወርደዋል። ጠዋት የከተማዋ ሽማግሌ አናጺ ከሁሉ ትልቁን ቤት ሲያስጎበኟቸው «ከዚህ ቤት አንዲት ምስማር ያገኘ ልጅ ካለ፣ ጢሜን ይላጨኝ» ብለው አስቀዋቸው ነበር። በሩም፣ ሰገነቱም፣ ጣሪያውም የተያዘው በሽብልቅ ነው። ሽብልቅ ማለት ጣት የምታህል፣ አንድ ጫፏ የሳሳ እንጨት ናት፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ተመትታ ትገባና ትልቁን እንጨት ወጥራ ትይዛለች።

ቃጭል አንዷን ሽብልቅ ለማስታወሻ ልትወስድ የተመኘችው ያን ጊዜ ነው። ሌሎቹ ምሳ ሲበሉ ጭምትን ጎትታ ወደ ላይኛው ፎቅ ወሰደቻት። «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በተንጠለጠለበት ገመድ ሥር ሹልክ ብለው አንዲት ጠባብ ክፍል ገቡ። ከበሩ በላይ ያለችውን ሽብልቅ ለማውጣት ቃጭል አሮጌ ሣጥን ላይ ቆማ ታገለች። ግራ ቀኝ ወዘወዘቻት፤ በጫማዋ ተረከዝ መታቻት፤ ጥፍሯ ተሰበረ።

«ሰውዬው በጥርሳቸው ነው እንዴ ያጠበቋት!» አለች እየሳቀች።

ጭምት አልሳቀችም። «ተይ» ማለት ፈልጋ ነበር፤ ግን አላለችም። ይልቅ በስልኳ መብራት አበራችላት። ሽብልቋ ወጣች፣ ቃጭል ኪሷ ከተተቻት፣ ማንም እንዳያያቸው በሩን ገፋ አደረገችው፤ በሩም አቃስቶ ዘመመና እንደዚህ ቀረ።

አሁን ክፍሉ ጠበባቸው። ጣሪያው የወረደባቸው መሰላቸው። መስኮቱ ድመት እንኳ አያሾልክም፤ በእሱ በኩል ታች አደባባዩ ላይ የቆመው አውቶቡስ ይታያል፤ ተማሪዎቹ መግባት ጀምረዋል። ስልካቸው ኔትወርክ የለውም። ጭምት አየር ያጠራት መሰላትና በሩን በመዳፏ ትደበድብ ጀመር።

«ቆይ! መጀመሪያ ምን እንደምንል እንስማማ» አለች ቃጭል። ፊቷ አመድ መስሏል። ባለፈው ወር የቤተ ሙከራውን መስታወት ሰብራ፣ ርእሰ መምህሩ እናቷን አስጠርተው «አንድ ጥፋት ብትደግም ፋይሏን ይዛ ትሄዳለች» ብለዋል። ይህን ጭምት ታውቃለች፤ የቃጭል እናት በዚያ ቀን ሲያለቅሱም አይታለች።

ብዙም ሳይቆይ ደረጃው ላይ የእግር ኮቴ ተሰማ። የታሪክ መምህሩ፣ የቤቱ ኃላፊ የሆነችው ሴትና ሽማግሌው አናጺ መጡ።

«አትሳቡት ልጆቼ» አሉ አናጺው ከውጭ። «በሳባችሁት ቁጥር ይብስበታል። ከበሩ በላይ ያለችው ሽብልቅ ወጥታ ነው። እስቲ ወለሉ ላይ ፈልጉ።»

ቃጭል በጭምት ጆሮ «ወድቃ አገኘናት በያቸው» አለች።

«አንቺ በያቸው» አለች ጭምት።

«እኔን ማን ያምነኛል? አንቺ ካልሽ ግን ለቲቸር ማኅተም ነው። በናትሽ! በናትሽ!»

«አገኛችሁ?» አሉ አናጺው።

«ወድቃ... ወድቃ አገኘናት፣ አባባ» አለች ጭምት። ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ መውጣቱ ራሷንም ገረማት።

«ጎበዝ! በሉ አንዳችሁ በሩን በትከሻችሁ ወደ ላይ አንሱት። ሌላዋ ሽብልቋን በሳሳው ጫፏ ታስገባና በጫማ ትምታት። አይዟችሁ፣ ቀስ ብላችሁ።»

ቃጭል ሽብልቋን ከኪሷ አውጥታ ሰጠቻትና ጥርሷን ነክሳ በሩን አነሳች። ጭምት ሣጥኑ ላይ ወጥታ መታች፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ በሦስተኛው ሽብልቋ ጥርቅም ብላ ገባች። በሩ ተከፈተ።

መምህሩ ሁለቱንም ከላይ እስከ ታች ተመለከቷቸው። «ገመዱን አልፋችሁ መግባታችሁን ትምህርት ቤት እንነጋገርበታለን። ዋናው ደህና መሆናችሁ ነው» አሉ። በቃ፤ ያሉት ይኸው ብቻ ነበር።

ኃላፊዋ ግን ወደ አናጺው ዞረች። «አባባ፣ ባለፈው ሳምንት ሁሉንም አይቼ አጥብቄያለሁ ብለው ፈርመው የለም እንዴ?»

«አጥብቄ ነበር።»

«ታዲያ ወደቀች እኮ! በሩ ልጆቹ ላይ ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ሥራ ከእንግዲህ የእርስዎ አቅም አይደለም። ከነገ ጀምሮ ሌላ ሰው ያየዋል። ቁልፉን ሲወርዱ ቢሮ ይተዉልኝ።»

አናጺው አልተከራከሩም። እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ሽብልቋን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን ዝቅ አድርገው የማያውቁት ነገር ይመስል አዩት።

«እጄ ከድቶኛል ማለት ነው» አሉ ለራሳቸው። ጭምት አጠገባቸው ቆማ ነበርና ትከሻዋ ላይ ያለውን አቧራ አራገፉላት። «እንኳን ምንም አልሆንሽ፣ ልጄ።»

አውቶቡሱ ውስጥ ቃጭል ነፍስ ዘራች። «ተረፍን! ኧረ ተረፍን! ‹አባባ› ስትያቸው እኔ ራሴ አመንኩሽ እኮ!»

ጭምት ግንባሯን መስታወቱ ላይ ደገፈች። ከዚያ ክፍል ወጥታለች፤ ግን አሁንም ትንፋሽ አጥሯታል። አፍራለች። ሰውዬው አቧራዋን ባያራግፉላት ኖሮ ይሻላት ነበር። እናቷ ሁልጊዜ «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» እያለች ነው ያሳደገቻት፤ እሷም ዝምታን እንደ ጥሩ ጠባይ ቆጥራ ኖራለች። መብራቱን ስታበራም ዝም ብላ ነበር። ሰውዬው ሲወቀሱም ዝም ብላ ነበር።

«ሥራቸውን አጡ» አለች።

«አርጅተዋል፤ ማረፋቸው አይቀርም ነበር» አለች ቃጭል። ይህን ስትል ግን የተሰበረ ጥፍሯን እንጂ ጭምትን አላየችም። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ብትናገሪ አለቀልኝ። ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

መምህሩ በመቀመጫዎቹ መካከል እየሄዱ ተማሪዎቹን መቁጠር ጀመሩ። አሥራ ሁለት፣ አሥራ ሦስት። ጭምት ተነሳች።

«ቲቸር፣ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ልመለስ። የረሳሁት ነገር አለ።»

«አምስት ደቂቃ ብቻ!»

ቃጭል እጅጌዋን ያዘቻት። «ስሜን ልትጠሪ ነው?»

«የዋሸሁት እኔ ነኝ። የምናገረውም እሱን ነው። ያንቺን አንቺ ታውቂያለሽ» አለችና እጅጌዋን ቀስ ብላ አስለቀቀች።

የድንጋዩን ደረጃ በሩጫ ወጣችው። አናጺው በሩ ሥር ጎንበስ ብለው መሮና መዶሻቸውን አንድ በአንድ ከረጢት ውስጥ ይከታሉ። ቀና ብለው አዩዋትና ፈገግ ለማለት ሞከሩ።

«ምን ረሳሽ፣ ልጄ?»

ትንፋሿ አልተመለሰም። «አባባ፣ ሽብልቋ አልላላችም ነበር። በጣም ጠብቃ ነበር። ጥፍር እስኪሰበር ድረስ።»

መዶሻውን የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። ከዚያ ከረጢቱን ወደ ጎን ገፋ አድርገው የበሩ ደፍ ላይ ቦታ ለቀቁላት።

«እስቲ ተቀመጪ» አሉ። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ታች አደባባዩ ላይ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ጭምት ተቀመጠች።