ያለፉት አርባ አንድ

ልጆቼ፣ ርዕሰ መምህሩ የተገኙት ከደረጃው ግርጌ ወድቀው ነው፤ ጭንቅላታቸውን የድንጋዩ ጠርዝ መትቷቸው። ትምህርት የተዘጋበት ሰሞን ስለሆነ ግቢው ጭር ብሏል። የቀኝ እጃቸው ጭብጥ እንዳለ ቀርቶ ነበር፤ ሲከፍቱት አራት ስፒል ተገኘ።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ቀስ በቀስ» ይሏታል፤ ሲያሾፉባትም ሲያከብሯትም ነው። ስፒሎቹን አየች፤ ቀና ብላ ደግሞ ግድግዳው ላይ ያለውን ባዶ የማስታወቂያ ሰሌዳ አየች። ስፒሉ አለ፤ የሚለጠፈው ወረቀት ግን የለም።

ጠዋት የወጣው ጋዜጣ «ከሁለት መቶ ተፈታኞች ያለፉት 41 ብቻ» ብሎ ጽፎ፣ አገሩ ሁሉ ርዕሰ መምህሩን ሲያማ ነው ያረፈደው። እሳቸው በወደቁበት ሰዓት ሕንጻው ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ወንበራቸውን ይመኛል ተብሎ የሚታማው ምክትላቸው፣ ምላሻቸውን ሊቀበል የመጣው ጋዜጠኛ፣ ዴስክ የሚጠግኑት አናጢ።

ምክትሉ ትናንት ጋዜጠኛው ሲደውል የውጤቱን የፊት ገጽ እንዳነበበለት አልካደም። የስም ዝርዝሩን ግን ጋሼ ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው ሊለጥፉት ቆልፈውበት ስለነበር ማንም አላየውም አለ።

ጋዜጠኛው ተቆጣ። «‹ያለፉት፣ አርባ አንድ› አለኝ፤ እሱኑ ጻፍኩ። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሊገባ አሥር ደቂቃ ነበር የቀረው፤ ስልኩን ዘጋሁ።»

አናጢው እጃቸው ሥራ አልፈታም። ልጃቸው ተፈታኝ ነበረች፤ ጋዜጣውን ካየች ጀምሮ ‹አርባ አንዱ ውስጥ አልገባም› ብላ ተሸፋፍና እንደተኛች፣ እህል እንዳልቀመሰች ለመርማሪዋ ነገሯት።

«ይሄ ዴስክ የማን ነው አባባ?»

«የሷ ነው ልጄ። ቁመቷ ዘለግ ያለ ነው፤ ላይኛው ክፍል ስትገባ ጉልበቷን እንዳይነካት ከፍ አድርጌዋለሁ» አሉ፣ መላጊያቸውን እየገፉ።

መርማሪዋ ይህንን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በመምህራን ክፍል ሰበሰበቻቸውና የፊቱን ገጽ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ከላይ ‹አማካይ ነጥብ ከመቶ› ይላል። ከሥሩ ‹ያለፉት፣ 41። የዘንድሮዎቹ፣ 63›። ያለፉት ማለት ፈተና ያለፉት አይደለም፤ ያለፈው ዓመት ተፈታኞች ናቸው። አርባ አንዱም የነሱ ነጥብ እንጂ የልጅ ቁጥር አይደለም።»

ጋዜጠኛው ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ደጋግሞ አነበበው። ምክትሉ ስልሳ ሦስቷን ሊያነብለት ሲል ስልኩ እንደተዘጋበት ቀስ ብሎ ተናገረ።

«እንግዲህ ጋሼ ስንት ልጅ እንዳለፈ ለሰው ሁሉ ሊያሳዩ ዝርዝሩን ይዘው ሲወርዱ አንድ ሰው ወሰደባቸው» ስትል ቀጠለች። «ምክትሉ ሊያሳፍራቸው ፈልጎ፣ ወይ ጋዜጠኛው ስህተቱን ሊደብቅ ብሎ ወስዶት ቢሆን፣ ይሄኔ ተቀዶ ነበር። ወረቀቱ የት እንደገባ ያወቅሁት ከአባባ አፍ ነው። ልጅዎ ወድቄያለሁ ብላ ተኝታለች። እርስዎ የላይኛው ክፍል ዴስኳን ይሠራሉ። ማለፏን ማን ነገርዎት?»

አናጢው ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«አሥራ ዘጠነኛ ናት» አሉ። «ስትንሰቀሰቅ ትቻት ነው የመጣሁት። ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ኮታቸውን ጨመደድኩ። ‹ቆይ እንጂ፣ ልጅህ እኮ…› አሉኝ። አላስጨረስኳቸውም፤ ገፋኋቸው። ወረቀቱን ያነበብኩት ከወደቁ በኋላ ነው።»

«ለምን አልቀደዱትም?»

«ስሟ አለበታ።»

ከመወሰዳቸው በፊት አንድ ነገር ለመኑ፤ መርማሪዋም እሺ አለች። በእነዚያው አራት ስፒሎች ዝርዝሩን ሰሌዳው ላይ ራሳቸው ለጠፉት፤ የአናጢ እጅ ነውና ቀጥ አድርገው። ያለፉት መቶ ሃምሳ ሁለት ልጆች ነበሩ።

ወሬው ሲሰማ ልጆቹ እየሮጡ መጡ። ያቺም ልጅ ዓይኗ እንዳበጠ መጥታ፣ ጣቷን ከስም ወደ ስም እያወረደች አሥራ ዘጠነኛው ላይ አቆመች። ሳቀች። ከዚያ ዞር ዞር ብላ ፈለገች።

«አባዬስ? አይቶልኛል?»

ምክትሉ ጋዜጠኛውን አየው፤ ጋዜጠኛውም መሬት መሬት አየ።