የተሳሳተ ሳምቡሳ ያመጣል

«ቆይ እንጂ፣ በትክክል ከገመትን ሳምቡሳውን የምናመጣው እኛ ለምንድነው?»

ሰልዋ ሊጡን እንደያዘች ቀረች። እናቷ ፈትሂያ ጥያቄውን የጣለችው ምስሩን እየጠቀለለች፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ነበር። መልሱ ግን እንዲያው የሚመለስ አልነበረም።

የመጽሐፍ ክበባቸው ሕግ አጭር ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ከመነበቡ በፊት ሁሉም ሌባው ማን እንደሆነ ይገምታል፤ የተሳሳተ ሰው በሚቀጥለው ሐሙስ ሳምቡሳ ይዞ ይመጣል። የሚያነቡት እንደ እነሱው ሀርጌሳ ከተማ የሚኖሩትን የደራሲ ዓብዲዋሀብን የወንጀል ምርመራ ልቦለዶች ነው። ደራሲው ደግሞ የሰልዋ የልብ ጓደኛ የሳጋል አባት ናቸው።

መጻሕፍቱ በሶማሊኛ የተጻፉ ናቸው። ከኢትዮጵያ የመጣችው ፈትሂያ ሶማሊኛ እንደ ውኃ ትናገራለች፤ ማንበብ ግን አልተማረችም። ስለዚህ 26 ጁን በሚባለው ሰፈር ከምትሠራበት ሰው ቤት ደክሟት ስትመለስ ሰልዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ወደ አማርኛ እየመለሰች ታነብላታለች። ያን ጊዜ ድካሙ የት እንደሚገባ አይታወቅም። እናትየው ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤት ታማቸዋለች።

በአዲሱ መጽሐፍ የሙሽራ ወርቅ ከተቆለፈ ቁም ሣጥን ይጠፋል። የቁም ሣጥኑ ብቸኛ ቁልፍ የሚንጠለጠለው በሙሽራዋ አጎት ወገብ ላይ ነው። ፈትሂያ ገና ከመጀመሪያው «አጎትየው ነው፤ ምን ያጠራጥራል» ብላ ነበር። ሰልዋም ክበቡ ውስጥ የገመተችው እሱኑ ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ሲገለጥ ግን ሌባዋ ዘሀራ ሆና ተገኘች፤ መጽሐፉን ሙሉ ሻይ ከማመላለስ በቀር ምንም ያላደረገች ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ።

ያን ዕለት ማታ ሰልዋ ቀና ብላ እናቷን አየቻት። ፈትሂያ የአሠሪዎቿን ቤት ቁልፍ ከአንገቷ ሳታወልቅ፣ ዓይኗን አፍጥጣ መልሱን ትጠብቃለች። ሰልዋ አፏ አልታዘዝ አላት። «አጎትየው ነው» አለች። እናቷ በደስታ አጨበጨበች።

አሁን ደግሞ ሳምቡሳው ሊያጋልጣት ሆነ። ደራሲው ራሳቸው ስለሚመጡ ሁሉም እንዲያመጣ ተብሎ ነው ብላ ሌላ ውሸት ጨመረች። ፈትሂያ ይህን ስትሰማ ቃሪያ የበዛበትን ለብቻ በሳህን አደረገች።

«ይሄን ለእሳቸው ስጪልኝ። ስንት ምሽት አስደስተውኛል።»

ክበቡ የሚሰበሰበው አሕመድ ዳጋህ ሰፈር ካለ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ፎቅ ላይ ነው። ሰልዋ ስትደርስ ጠረጴዛው በሳምቡሳ ሞልቷል። ተሳስቶ የማያውቀው አያንሌ እንኳን አንድ ሳህን ታቅፎ ተቀምጧል። ሁሉም የገመተው አጎትየውን ነበራ።

ደራሲ ዓብዲዋሀብ ጺማቸውን በሂና አቅልተው፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው ገቡ። ጠረጴዛውን ሲያዩ ፊታቸው በራ። አንድም ሰው ሊደርስብኝ አልቻለም ማለት ነው ብለው እንደ ልጅ ሳቁ። ልጆቹም ሳቁ። ሳጋል የሰልዋን እጅ ጨብጣ «ፋዘር ዛሬ ደስ ብሎታል» ስትል አንሾካሾከችላት። ይህን ቀን ከወር በፊት ጀምራ ስትጠብቀው ነበር።

ሰልዋ የእናቷን ሳህን ደራሲው ፊት አስቀመጠች። ዝም ብትል ማንም አይቀየማትም። ግን ቤት ገብታ እንደገና ትዋሻለች፤ ለሚቀጥለውም መጽሐፍ፣ ከዚያ ለሚቀጥለውም። የሳጋል እጅ እጇ ውስጥ ሞቋል። ሳጋልን ማጣት በጣም ፈራች።

«አዴር ዓብዲዋሀብ» አለች፤ በሶማሊኛ አጎቴ እንደማለት ነው። «እኛ የተሳሳትን አይመስለኝም። ቁልፉ አጎትየው ወገብ ላይ ነበር። ዘሀራ ነክታውም አታውቅም።»

ሳጋል እጇን ለቀቀች።

ደራሲው ዘሀራ ቁልፉን አስመስላ አስቀርጻው ይሆናል አሉ። አያንሌ ይህ የትኛው ገጽ ላይ እንደተጻፈ ጠየቃቸው። እንዲህ ያለ ገጽ አልነበረም። ጺማቸውን አሻሹና ባደጉበት በድሬዳዋ አማርኛ ለሰልዋ ብቻ የሚናገሩ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ አገሩን ታውቂዋለሽ። አጎትየውን ሌባ ባደርገው የማን ልጅ ነው ይባላል። አንዱ ጎሳ ተነስቶ የኛን ሰው ነው ያሰደብከው ይለኛል፤ በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ደጄ ላይ ናቸው። ለዘሀራ ግን ማንም አይመጣም ብዬ ነው።»

«እኔ መጥቻለሁ» አለች ሰልዋ።

ደራሲው ከሳህኑ ያነሱትን ሳምቡሳ ወደ አፋቸው ሳያደርሱ ያዙት። ማን እንደሠራው ጠየቋት።

«እናቴ። እሷም ሰው ቤት ነው የምትሠራው። መጽሐፍዎን ትወዳለች።»

«መጨረሻውንስ?»

«አልነገርኳትም።»

ሳምቡሳውን መልሰው አስቀመጡት። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ሳቅ ጠፍቶ ነበር። «ንገሪያት» አሉ። «መጥታ ትውቀሰኝ። ደጄ ክፍት ነው።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሳጋል ሳህኑን ተቀብላ ይዛላት ነበር፤ አውቶቡስ መጠበቂያው ድረስ ግን ቃል አልተነፈሰችም። ሰልዋ በቃ ጓደኝነታችን አበቃ ብላ ልቧ ተሰበረ።

«ሰው ፊት ነው ያፋጠጥሽው» አለች ሳጋል በመጨረሻ። «ሼም ነው።» ከዚያ ሳህኑን መለሰችላት። «ግን እኔም የገመትኩት አጎትየውን ነው። የገዛ ልጁ።» ሳትፈልግ ሳቅ አመለጣት።

ፈትሂያ በር ላይ ሆና ደራሲው ቃሪያውን ወደዱት ወይ ብላ ጠየቀች። ሰልዋ ሳህኑን አስቀመጠችና መጽሐፉን አነሳች።

«እማዬ፣ ነይ ቁጭ በይ። የመጨረሻውን ምዕራፍ እንደተጻፈው አላነበብኩልሽም።»

አነበበችላት። ዘሀራ የሚለውንም ስም አልዘለለችውም። እናቷ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጣት ሰማች። አንገቷ ላይ ያለውን ቁልፍ በጣቶቿ ያዘች።

«ቁልፉ እኮ አጎትየው ወገብ ላይ ነበር» አለች።

«አውቃለሁ፣ እማዬ። ነግሬያቸዋለሁ።»