ሠላሳ የምስር፣ ሠላሳ የሥጋ

ፌስታሉ ቀልጦ ነበር።

እየሩስ የካርቶኑን ክዳን ገልጣ አየችና መልሳ ከደነችው። ከዚያ ደግሞ ገለጠችው፤ ከድኖ በመግለጥ ነገሩ የሚስተካከል ይመስል። ሁለቱ ስስ ፌስታሎች የሳምቡሳውን ትኩሳት መቋቋም አቅቷቸው፣ ተጨማደውና ተበሳስተው ካርቶኑ ጥግ ላይ ተጣብቀዋል። ሠላሳ የምስርና ሠላሳ የሥጋ ሳምቡሳ በአንድ ካርቶን ውስጥ ተደበላልቋል። ዳገቱ ላይ ያለው ኮብልስቶን ስኩተሩን ሲያንገጫግጨው ደግሞ እንደ ዕጣ አገላብጦታል።

ጓደኛዋ ሞሚና በአቋራጩ ደረጃ ሮጣ ገና ዳገቱ ጫፍ መድረሷ ነበር። ቆመው የሚነዱት የእየሩስ የባትሪ ስኩተር አንድ ሰውና አንድ ካርቶን እንጂ ሁለት ሰው አይችልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ እየሩስ ትነዳለች፣ ሞሚና ትሮጣለች።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሞሚና እያለከለከች።

«ተበላን» አለች እየሩስ፣ ካርቶኑን እያሳየቻት።

ሞሚና ጎንበስ ብላ አየች። ሞሚናን ዝም ማሰኘት ቀላል ነገር አይደለም፤ ዘጠነኛ ክፍል ሙሉ ይመሰክራል።

ስኩተሩን ለእየሩስ ያመጣላት አጎቷ ነው፤ ከድሬዳዋ፣ ለትምህርት ቤት መመላለሻ ብሎ። እናቷ ግን መኪና የሚበዛበትን ዋናውን አስፋልት እንዳትረግጥ ስለከለከሏት፣ ስኩተሩ አንድ ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ዶሮ ሲያባርር ከረመ። ሥራ ያገኘው ዘንድሮ ረመዳንና ዐቢይ ጾም አንድ ላይ ሲገጥሙ ነው። የሞሚና እናት አዴ ኢንሳፍ ሳምቡሳ ጠብሰው ይሸጣሉ። ዘንድሮ እግራቸውን እያመማቸው ዳገቱን መውጣት አቃታቸው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጭሮ ከተማ ባጃጅ እንኳን ለሳምቡሳ ለሰውም አይገኝም። እየሩስ «እኔ አደርሳለሁ» ስትል ማንም አልለመናትም። ካርቶኑን እግሯ መቆሚያ ላይ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ አስራ፣ በቀረው ቦታ በአንድ እግሯ ቆማ ስትነዳ፣ ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀባት፣ በኋላ ግን ለመዳት።

የአዴ ኢንሳፍ ሕግ አንድ ነው። የምስሩ በራሱ ዘይት፣ በራሱ መጥበሻ ይጠበሳል፣ ለብቻው ይሄዳል። የሥጋው ከዚያ በኋላ ተጠብሶ ለብቻው ይሄዳል። ሳምቡሳውን የሚያጥፉት በአንድ ዓይነት መንገድ ስለሆነ፣ ከተዘጋ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ራሳቸው አዴ ኢንሳፍም አያውቁትም፤ የሚለዩት በዕቃው ነው። «ሁለት ጊዜ ነው መሄድ» ይሏታል በየቀኑ፣ ሁለት ጣታቸውን አቁመው።

ትናንት ግን መብራት ጠፍቶ ስላደረ ባትሪው በደንብ አልተሞላም። ከአዴ ኢንሳፍ ቤት ወደ የትም ለመሄድ ደግሞ መጀመሪያ ዳገቱን መውጣት ግድ ነው። እየሩስ አሰበች፣ አሰበችና ብልህ የሆነች መሰላት። የሥጋው እስኪወጣ ጠብቃ፣ አዴ ኢንሳፍ የአስርን ሶላት ሊሰግዱ ሲገቡ ሁለቱንም በየፌስታሉ አደረገችና አንድ ካርቶን ውስጥ ከተተቻቸው። አንድ ዳገት፣ አንድ ጉዞ። ትኩስ ዘይት ፌስታል እንደሚያቀልጥ ለማወቅ የዘጠነኛ ክፍል ኬሚስትሪ አያስፈልግም ነበር፤ ግን አላሰበችውም።

«ቅመሺና ለዪው» አለች ሞሚና በመጨረሻ።

«የሥጋው ቢደርሰኝስ? ጾም ነኝ እኮ። አንቺ ቅመሺ።»

«መግሪብ ሳይደርስ? ውኃ እንኳ አልቀመስኩም።»

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ሳቃቸው አመለጣቸው፤ የሚያስቅ ነገር ግን አልነበረም። በከተማው ውስጥ ያንን ሳምቡሳ መቅመስ የማይችሉ ሁለት ልጆች ቢፈለጉ፣ ካርቶኑ አጠገብ የቆሙት እነሱ ነበሩ። ቆርሰው እንዳያዩት ደግሞ የተቆረሰ ሳምቡሳ ለማን ይሰጣል?

በማሽተትና በዓይን ለመለየት ሞከሩ። ዘይት የበዛበትን የሥጋ ነው አሉ፣ ደረቅ ያለውን የምስር። ጥቂቶቹን እርግጠኛ ሆነው ለዩ፤ ከሃያኛው በኋላ አፍንጫቸው ሁሉንም አንድ አደረገባቸው። በመጨረሻ ሠላሳውን ወዲህ፣ ሠላሳውን ወዲያ አደረጉ፤ ሞሚናም «አቦ፣ አታካብጂ፣ ልክ ነው» አለች። እየሩስ ልክ እንዲሆን በጣም ስለፈለገች አመነቻት።

የምስር ነው ያሉት የእትዬ ሳህሊቱ ትእዛዝ ነው። እትዬ ሳህሊቱ የእየሩስ እናት የሚያከብሯቸው፣ ጾም የሚያጠብቁ ሴትዮ ናቸው፤ በዚያ ቀን ማኅበርተኞቻቸው እቤታቸው ይሰበሰቡ ነበር። በሩን ራሳቸው ከፈቱ፣ ሳምቡሳውን በሰፊ ሳህን ተቀበሉ፣ እንፋሎቱን አሽትተው ደስ አላቸው።

«እነ አብርሆት ‹ከሙስሊም ቤት የወጣ ሳምቡሳ በጾም እንዴት ይታመናል› ብለው ነበር» አሏት። «ኢንሳፍ ዘይቷን እንኳ ለይታ ነው የምትጠብሰው ብዬ እኔ ዋስ ሆንኩላት። እደጊ ልጄ።»

እየሩስ «አሜን» በማለት ፈንታ አንገቷን ደፍታ ወጣች።

የቀረውን ይዘው በውስጥ ለውስጥ መንገድ መናኸሪያው አጠገብ ወዳለው የአብዱልቃዲር ሱቅ ሄዱ። ወደ ሂርናና ወደ ቦኬ የሚሄዱ መንገደኞች እዚያ ነው የሚያፈጥሩት። አብዱልቃዲር ሳምቡሳውን ወደ ትሪው ሲያስተላልፍ አንዱ ጥጉ ተሰነጠቀ። ከውስጡ ቢጫ ምስር ብቅ አለ።

«ዛሬ ደግሞ የናንተን ጾም አመጣሽልኝ?» ብሎ ሳቀ። «ግድ የለም፣ የራበው ሰው ምስርም ይበላል።»

እየሩስ አልሳቀችም። ሠላሳና ሠላሳ አድርገው ነው የለዩት። አንድ የምስር እዚህ ካለ፣ አንድ የሥጋ እዚያ አለ። ምናልባትም አሥር። ሞሚናን በክንዷ ይዛ ከሱቁ ወጣች።

«ልመለስ ነው» አለቻት።

«አብደሻል?» ሞሚና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከነገርሻቸው ነገ የማኅበሩ ሰው ሁሉ ያወራዋል። እማዬን ማን ያምናታል? እሷ ምን አጠፋች? ደግሞ ሳያውቁ ከበሉት ኃጢአት አይሆንባቸውም፤ በእኛም እንደዚያ ነው።»

እውነቷን ነው፤ አዴ ኢንሳፍ ምንም አላጠፉም። እየሩስን ያስፈራትም ይኸው ነበር። ለእትዬ ሳህሊቱ ብትናገር ስሙ የሚጠፋው የአዴ ኢንሳፍ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ አንድ ቤት ሙሉ ሰው ሁዳዴውን ይገድፋል፣ ያውም ሙስሊም ባረደው ሥጋ። 

«እኔ ሳላውቅ ከእኛ ሥጋ ቤት በተገዛ ሥጋ የተሠራ ሳምቡሳ ባበላሽ» አለች ቀስ ብላ፣ «እና ዝም ብል፣ በኋላ ከሌላ ሰው ብትሰሚ?»

ሞሚና ፊቷን አዙራ በአቋራጩ ቁልቁል ሄደች። እየሩስ ልትጠራት ፈልጋ ተወችው፤ ጊዜ የለም። ስኩተሩን አስነሳች፤ ሁለት መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄድ ባትሪው አለቀ። የቀረውን እየገፋች ሮጠች።

የእትዬ ሳህሊቱ ሳሎን ውስጥ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ሴቶች ቆመው እየጸለዩ ነበር። ሳህኑ መሐል ላይ ነው፤ ማንም አልነካውም። እየሩስ ባዶውን ካርቶን ይዛ ደጃፉ ላይ ላቧን እየጠረገች ቆመች። ጸሎቱ እስኪያልቅ መጠበቅ ከባድ ነበር፤ ያን ያህል ረጅም «አቡነ ዘበሰማያት» ሰምታ አታውቅም።

«እትዬ ሳህሊቱ» አለች፣ እንደጨረሱ። «ሳምቡሳውን እንዳይበሉት። የሥጋው ተቀላቅሎበታል።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ሳህኑ ዞሩ።

«አዴ ኢንሳፍ ለይተው ነው የጠበሱት። ለይተሽ ውሰጂ ብለውኛል። አንድ ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ባትሪ ለመቆጠብ ብዬ። ከተቀላቀለ በኋላም አውቄ ነው ያመጣሁልዎት።» የመጨረሻውን ስትናገር ድምፅዋ ተሰበረ።

«እኔ ድሮም ብያለሁ» አሉ እትዬ አብርሆት ከወዲያ ጥግ።

እትዬ ሳህሊቱ ሳህኑን አንስተው ሳምቡሳውን ወደ ካርቶኑ ገለበጡት። ፊታቸው ተቆጥቷል፤ እጃቸው ግን አንዱም እንዳይሰበር ይጠነቀቅ ነበር። «የሰው እምነት ነው የያዝሽው፣ ልጄ፣ ሳምቡሳ ብቻ አይደለም» አሏት። ከዚያ ወደ መስኮቱ አይተው «እነሱም ማፍጠሪያቸው እየደረሰ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ለሚበላው ሰው አድርሺው። እኛ ዳቦና ሽንብራ አናጣም» አሉ።

ለቁልቁለት ባትሪ አያስፈልግም። እየሩስ ፍሬኑን ይዛ እየተንሸራተተች ወረደች፤ ለአዴ ኢንሳፍ የምትለውን መንገድ ላይ አራት ጊዜ ቀያየረችው። ግቢው ስትደርስ ግን ሞሚና ሽንኩርት እየከተፈች ነበር፣ ዓይኗ ቀልቷል፤ ከሽንኩርቱ ብቻም አይመስልም። ቀድማ ነግራቸዋለች።

አዴ ኢንሳፍ አልጮኹም። ሁለት ጣታቸውን አቆሙ።

«ስንት ነው ይሄ፣ ኢንተላ ቲያ?» አሉ። «ልጄ ሆይ» ማለታቸው ነው፤ ሲቆጡም ሲወዱም ይሉታል።

«ሁለት።»

«ሳህሊቱ ዋስ ሆነችልኝ፣ ሰማሁ። አሁን ምን እየበሉ ነው?»

«ዳቦ።»

አዴ ኢንሳፍ የተመለሰውን ካርቶን ለሰፈሩ መስጊድ ማፍጠሪያ በጎረቤት ላኩት። ከዚያ እያነከሱ ሄደው ለነገ ያሰናዱትን ምስር አወጡ፣ የምስሩን መጥበሻ ጣዱ። ቀኑን ሙሉ ጾመው የራሳቸው ማፍጠሪያ ገና አልተሠራም። እየሩስ አይታ አለቀሰች፤ ማንም አላባበላትም፣ ሁሉም እጁ ሥራ ይዟል። ሞሚና ሊጥ እያጠፈች ሳለ ሹካ አነሳችና በጥርሱ የእያንዳንዱን ሳምቡሳ ጠርዝ ተጫነችው። «የምስር ምልክት» አለች፣ ማንንም ሳታይ። አዴ ኢንሳፍ አንዱን ገልብጠው አዩትና በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሠላሳውን በብረት ድስት አድርገው ስኩተሩ ላይ አሰሩት። የሞተ ስኩተር መግፋት ባዶ እጅ ከመሄድ ይከብዳል፤ ግን ድስቱ ትኩስ ነው፣ በእጅ አይያዝም። እየሩስ መሪውን ይዛ ትገፋለች፣ ሞሚና ከኋላ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሲደርሱ አዛን ተሰማ።

«አፍጥሪ» አለቻት እየሩስ። «እኔ ይዤዋለሁ።»

ሞሚና ከኪሷ ቴምር አወጣች፣ ቢስሚላህ ብላ ጎረሰች፣ ከያዘችው የላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ተጎነጨች። ሁለተኛውን ቴምር ለእየሩስ ሰጠቻት። «ቴምር ይቻላል አይደል?» አለች። ይቻላል። እያላመጡ መግፋታቸውን ቀጠሉ።

ሴቶቹ አልተበተኑም ነበር። እየሩስ ድስቱን በሁለት ጨርቅ ይዛ ገባች፣ ሞሚና ስኩተሩን ይዛ ደጅ ቀረች። እየሩስ ምልክቱን አሳየቻቸው፣ አዴ ኢንሳፍ ራሳቸው እንደጠበሱት ነገረቻቸው። ማንም እጁን አልዘረጋም። ከዚያ እትዬ አብርሆት ተነሥተው አንዱን አነሱ። የሹካውን ምልክት በጣታቸው ዳሰሱት። ለሁለት ቆረሱትና ወደ መብራቱ አስጠግተው አዩት፤ ምስር ነው። ሌላ አንስተው ቆረሱ፤ እሱም ምስር ነው። ሦስተኛውን ሊያነሱ ሲሉ እትዬ ሳህሊቱ «አብርሆት፣ ስንቱን ልትፈትኚ ነው?» አሏቸው፤ ሴቶቹም ሳቁ። እትዬ አብርሆት አልሳቁም። የቆረሱትን ግን በሉት።

«ነገ ለቤቴ ሃያ እፈልጋለሁ» አሉ እያላመጡ። «ማን ነው የሚያመጣው?»

እትዬ ሳህሊቱ እየሩስን አዩዋት።

«እኔ ነኝ» አለች እየሩስ።

«ለብቻው?»

«ለብቻው።»

ደጅ ወጣች። ሞሚና ስኩተሩን ደገፍ ብላ የቀረውን ውኃ ትጠጣለች። «ምን አሉ?» አለቻት።

«ለነገ እትዬ አብርሆትም ሃያ አዘዋል፤ ዳገቱን ሦስት ጊዜ ነው የምንወጣው» አለች እየሩስ። ባትሪው ቢሞላ እንኳ ለሁለት ጉዞ ቢበቃ ነው፤ ሁለቱም ያውቁታል። ባዶውን ድስት እግር መቆሚያው ላይ አሰረችና ስኩተሩን ወደ ቁልቁለቱ አዞረችው።