አሥራ አራት እርምጃ

የፊዚክስ መምህሩን ተማሪዎቹ «ቢሊዮን» ይሉታል። ከሚሊዮን በታች ያለ ነገር ብዙም አያስደንቀውምና ቅጽል ስሙ ልክክ ብሎለታል። ጫማው ተቀዶ ውሃ ቢያስገባ እንኳ «ከጋላክሲ ስፋት አንጻር ይቺ ቀዳዳ ምን አላት?» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው።

ማስታወቂያ ጸሐፊዋ ደግሞ የተገላቢጦሽ ናት። ሜትሯ ከእጇ አይጠፋም። የሱቅ ሰሌዳና የክሊኒክ በር መጻፍ ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድም ቀን ሳትለካ ብሩሽ አንስታ አታውቅም።

ትምህርት ቤቱ የጠራት የኮሪደሩን ግድግዳ እንድትስል ነው። ሐሳቡ የመምህሩ ነበር። የዩኒቨርስ ዕድሜ፣ አሥራ ሦስት ነጥብ ስምንት ቢሊዮን ዓመት፣ ከግራ ጥግ ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይዘረጋል፤ አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ዓመት። መምህሩ አንዱን እርምጃ አንድ ሜትር ብሎ እየቆጠረ ግድግዳውን ተከትሎ ተራመደና «አሥራ አራት ሜትር! እንዲያውም ይተርፋል» አላት።

እሷም እሺ ብላ ጀመረች።

በየዕረፍቱ፣ እጅጌው ጠመኔ እንደነካው፣ ከጎኗ ይቆማል።

«ይሄን ስንዝር ሙሉ ጥቁር ልቀባው ነው?»

«አዎ። ከዋክብት ገና አልበሩም።»

«ታዲያ ማን አየው?»

«ማንም።»

«እኔ ብኖር ኖሮ በድንጋጤ እሞት ነበር።»

መጀመሪያ አሰበበት፣ ከዚያ ሳቀ። ሁልጊዜ እንዲህ ዘግይቶ ነው የሚስቀው። እሷም ያንን የዘገየ ሳቅ መጠበቅ ለመደች። ዙሪያ ጥምጥም ምን ያደርጋል፣ ወደደችው።

ችግሩ ወንድሟ ነው። ሌላ ከተማ የሚኖረው ታላቅ ወንድሟ የማስታወቂያ ሥራ ቤት ከፍቶ ቅዳሜ እንድትመጣ ጠርቷታል። ካልመጣች ሰኞ ቦታዋን ለሌላ ይሰጣል። እሷም ቃሏን ሰጥታለች። መምህሩ «ቅሪ» ቢላት ግን ትቀራለች፤ ይህን ለራሷ አልደበቀችም። ረቡዕ ዕለት እስኪ ልሞክረው አለች።

«ቅዳሜ እሄዳለሁ።»

ጠመኔውን በጣቶቹ መሐል አሽከረከረ። «ሩቅ ነው?»

«በአውቶቡስ የዘጠኝ ሰዓት መንገድ።»

«ዘጠኝ ሰዓት ምን አላት» አለ፣ ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል። «ከፀሐይ ቀጥሎ ካለችው ኮከብ የሚነሣው ብርሃን እንኳ እኛ ጋ ለመድረስ ከአራት ዓመት በላይ ይፈጅበታል።»

«እሰይ፣ እንኳን ኮከብ አልሆንኩ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችው።

ሐሙስ ጠዋት ምድርን ስላ ጨረሰች። የመጀመሪያዎቹን እንስሳት የት እንደምታስቀምጥ ለማወቅ ሜትሯን ስትዘረጋ ግድግዳው አለቀ። አሥራ አንድ ሜትር ከዘጠና። ደግማ ለካች፤ ያው ነው። ዓሣው፣ ዳይኖሰሩ፣ ሰው የተባለ ፍጡር በሙሉ ከግድግዳው ውጪ ቀርቷል።

ርዕሰ መምህርቷ ተጠርተው መጡ። መነጽራቸውን አውልቀው ተመለከቱ።

«ምነው ልጆቼ፣ ሰው የሌለበት ዓለም ሠራችሁልኝ? ይጥፋና እንደገና ይሠራ። ማን እንደሚሠራው እናንተው ተነጋገሩ።» ይህን ብለው ወደ ቢሯቸው ተመለሱ።

ሁለቱ ቀሩ።

«ጉድ ነው! የጋላክሲ ርቀት የምትናገር ሰው አንድ ግድግዳ መለካት ያቅትህ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ግን አንቺስ? ሳልለካ አልጀምርም ትዪ የለም? ለምን አልለካሽም?»

ክው አለች። መዋሸት ትችል ነበር፤ አልዋሸችም።

«አንተን ስሰማ ነዋ! ሜትሩ እጄ ላይ እያለ ረሳሁት። ስምንት ዓመት ያልረሳሁትን ያን ቀን ረሳሁት። አሁን ገባህ?»

ከአንዱ ክፍል የተማሪዎች ንባብ ይሰማል።

«እኔም ሜትሩን አይቼዋለሁ» አለ። «አውሺኝ ልልሽ ፈልጌ ድምፄ እንቢ አለኝ። ስለዚህ በእግሬ ለካሁ።»

«ሆን ብዬ ነው እንዳትለኝ ብቻ።»

«ሆን ብዬ ቢሆንማ ብልህ ነበርኩ። ትናንት የተናገርኩት የሞኝ ንግግር ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሩቅ ነው። ቀለም ልታመጪ እስከ በሩ ስትሄጂ እንኳ ይከብደኛል። ስለ ዓለም የምቀባጥረው ይሄን መናገር ስለምፈራ ነው። ቅሪ። እባክሽ አትሂጂ።»

እንባዋ መጣ፤ በእጇ ጀርባ ጠረገችው፣ ጉንጯም ሰማያዊ ቀለም ነካው።

«ወንድሜንስ ምን እለዋለሁ? ቃሌን ሰጥቼዋለሁ።»

«ደውዪለትና ስጪኝ፤ እኔ እነግረዋለሁ።»

ደውላ ሰጠችው። ቢሊዮን የተባለው ሰው ስልኩን ይዞ ስለ ግድግዳው፣ ስለ እርምጃው፣ ስለ ጥፋቱ ተንተባተበ። የወንድሟ ድምፅ ጎላ ያለ ስለሆነ ለእሷም ይሰማታል።

«ገባኝ፣ ገባኝ። ታዲያ ምን ያህል ትቆያለች? ሳምንት? ሁለት ሳምንት? ቁርጡን ንገረኝ።»

መምህሩ ቁጥር ጠፋበት። ስልኩን ከእጁ ወሰደችው።

«ዕድሜ ልኬን ነው፣ ወንድምዬ።»



«እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?» አለ ወንድሟ። «በይ ስልኩን መልሺለት።»

መምህሩ የኮቱን ቁልፎች ቆለፈና ስልኩን በሁለት እጁ ተቀበላት።