የአርባ ሦስት ሰው አውፍታ

«ያስቀየምኳችሁ ሁሉ፣ ለአላህ ብላችሁ አውፍ በሉኝ። ረመዳን ሙባረክ!»

ሩፋይዳ ይህን በክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከለጠፈች ሰዓት እንኳ አልሞላም፤ አርባ ሦስት ልብ ተደርድሮበታል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም «አውፍ ብለናል» ብሎ መልሷል። መካነ ሰላም ከተማ ረመዳን ሊገባ ሲል ይቅርታ መጠያየቅ የሁሉም ነው። ጓደኛዋ ፈርሂያማ «የሼህ ልጅ! አንቺ ደግሞ ማንን አስቀይመሽ ታውቂያለሽ?» ብላ የሳቅ ምልክት አዥጎድጉዳለች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ሩፋይዳ የምትጠብቀው አንድ ስም ብቻ ነበር። ፍቅርአዲስ መልእክቱን አይታዋለች፤ ምንም አላለችም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሴ ላይ ለሚካሄደው የጥያቄና መልስ ውድድር ከዘጠነኛ ክፍል አንድ ተማሪ ለመምረጥ ፈተና ተሰጠ። ፍቅርአዲስ ሩፋይዳን በሁለት ነጥብ በልጣ አንደኛ ወጣች። ያን ቀን ቦኖ ላይ ውኃ ሲቀዱ ሩፋይዳ ለፈርሂያ፣ «እጇ ላይ ጽፋ እያየች ነው የሠራችው» አለቻት። ሩፋይዳ ምንም አላየችም። አንጀቷ አርሮ ያመለጣት ነው። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባል የለ? በማግስቱ ወሬው መምህር አለምነው ጆሮ ደረሰ። ፍቅርአዲስ እያለቀሰች ብትምልም የሚያምናት ጠፋ። ቦታው ለሁለተኛዋ ተሰጠ፤ ሁለተኛዋ ደግሞ ሩፋይዳ ናት። ጉዞው ሰኞ ነው።

«ሩፋይዳ! ገብሱን ያዢ፤ ወፍጮ ቤት አብረን እንሄዳለን» አሉ አባቷ ከደጅ።

ሼህ ጀላል ለልጆች ቁርአን የሚያስቀሩ ሰው ናቸው፤ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ አይታ አታውቅም። ይባስ ብሎ ወደ አቶ አራጋው ወፍጮ አቀኑ።

«አባባ፣ ከአቶ አራጋው ጋር ተኳርፈን የለም እንዴ?»

«ለዚያ ነው የምሄደው።»

ባለፈው ክረምት ጎርፍ የቁርአን ቤቱን ግድግዳ ሲንደው፣ ሼሁ «ሆን ብሎ የውኃ መውረጃ ቦዩን የደፈነው አራጋው ነው» ብለው እዚያው ወፍጮ ቤት በር ላይ ተናግረው ነበር። ከዚያ ወዲህ እህላቸውን የሚያስፈጩት ከከተማው ማዶ ነው፤ ልጆቹም ቁርአን የሚቀሩት በሸራ ተጋርደው ነው።

ወፍጮ ቤቱ ተራ በሚጠብቁ ሴቶች ተሞልቷል። ሼህ ጀላል ሞተሩ እስኪጠፋ ቆመው ጠበቁ።

«ጋሽ አራጋው፣ በሐምሌ እዚህ ሰው ፊት ቦዩን የደፈኑት እርስዎ ነዎት ብያለሁ። የደፈኑት የእኔው ተማሪዎች፣ ደረሶቼ ናቸው፤ ድንጋይ እየከመሩ ሲጫወቱ። ይህን ካወቅሁ ሦስት ወር ሆነኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። ዝም ብዬም ልጆቹን ምላስን ስለ መጠበቅ አስተማርኩ። አውፍ ይበሉኝ።»

ሩፋይዳ በአባቷ ፈንታ አፈረች፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አቶ አራጋው ፊታቸው ላይ ያለውን ዱቄት በእጃቸው ጠረጉ።

«ሦስት ወር፣ ሼህ ጀላል? እርስዎ?»

«እኔ።»

«እንግዲህ አውፍ ብያለሁ» አሉ ሽማግሌው። «በልግ ሳይጥል ግድግዳውን እንሥራው። ጭቃውን እኔም አቦካለሁ።»

ገብሱ ተፈጭቶ ሲመለሱ ሩፋይዳ ዱቄቱን ተሸክማ ከኋላ ከኋላ ተከተለች።

«አባባ፣ ለብቻቸው ቢነግሯቸው አይበቃም ነበር?»

«ስማቸውን ያጠፋሁት ለብቻቸው ነው እንዴ?» አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ዱቄቱን ቤት አስቀምጣ ወደ ፍቅርአዲስ ቤት ሄደች። ፍቅርአዲስ ግቢያቸው ውስጥ ዩኒፎርሟን እያጠበች ነበር።

«መልእክትሽን አይቼዋለሁ» አለች ቀና ሳትል። «ለማን እንደሆነ ግን አልገባኝም።»

«ላንቺ ነው» አለች ሩፋይዳ። «እጇ ላይ ጽፋ እያየች ሠራች ብዬ ያስወራሁት እኔ ነኝ። ምንም አላየሁም። ስለበለጥሽኝ ነው።»

ዩኒፎርሙ ሳፋው ውስጥ ተመልሶ ገባ።

«እናቴ እንኳ አላመነችኝም» አለች ፍቅርአዲስ። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወስዳ አስማለችኝ። ታውቂያለሽ?»

ሩፋይዳ አታውቅም ነበር። «አውፍ በይኝ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። ገና ነው።

«መምህር አለምነው ጋ እየሄድኩ ነው» አለች። «ለሳቸው እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ለእናትሽ።»

«ሰኞስ? ደሴስ?»

«ቦታው ያንቺ ነው።»

ፍቅርአዲስ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። ይቅር ያለች አትመስልም። «ጠብቂኝ፣ ነጠላዬን ላምጣ» አለች። «ስትነግሪያቸው በጆሮዬ መስማት አለብኝ።»

ሩፋይዳ በሩ ላይ ቆማ ስልኳን አወጣች። አርባ ሦስቱ ልብ አርባ ሰባት ሆኗል። መልእክቱን አጠፋችው። ከዚያ እዚያው ግሩፕ ላይ እንደገና መጻፍ ጀመረች፤ መጀመሪያ የጻፈችው የፍቅርአዲስን ስም ነው።